የረመዳን ጾም አያያዝ፦ ለደብረ ብርሃንም ለሸዋ ሮቢትም

ረመዳን ሊገባ ሲል የሚነሳው ጥያቄ በየዓመቱ ያው ነው። መርፌ ጾም ያበላሻል? ወጥ እየሠራሁ ጨው ብቀምስስ? ስኳር አለብኝ፣ ልጹም ወይስ ይቅርብኝ? ከደብረ ብርሃን ወደ ሮቢት ልወርድ ነው፣ መንገደኛ እባላለሁ? ሼህ ፊት ቀርቦ መጠየቅ የሚያፍረው ሰው ብዙ ስለሆነ ዋና ዋናውን እዚህ በግልጽ ልጻፈው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። የኛ አገር ሰው ጾም ላይ ሲበዛ ግትር ነው። ታሞ እያቃሰተ፣ መድኃኒቱን ትራስ ሥር ደብቆ፣ ልጆቹ እየለመኑት «አላፈጥርም»፣ ጾሜን አልፈታም ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ብዙዎች እንደ ጀግና ያዩታል። እኔ አላየውም። የጾምን ሕግ ያወቀ ሰው መቼ መጾም እንደሌለበትም ያውቃል፣ ግዴታውና ፈቃዱ ጎን ለጎን ነው የወረዱት።

መሠረቱ

ጾም ከአምስቱ የእስልምና ማዕዘናት አንዱ ነው። ግዴታ የሆነው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 624 ላይ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ዘጠኝ ረመዳን ጾመዋል።

ሕጉን ከምንጩ ማንበብ የፈለገ ሱረቱል በቀራን ይክፈትና ከአንቀጽ 183 እስከ 187 ይመልከት። አምስት አንቀጽ ናት፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ታልቃለች። የመጀመሪያው አንቀጽ ጾም ከናንተ በፊት በነበሩት ላይ እንደተጻፈ በናንተም ላይ ተጻፈ ይላል። የሰሜን ሸዋ ሰው ይሄን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሁዳዴና ረመዳን እየተገናኙ አንዱ ቤት ቅቤ የሌለው ሽሮ ሲሠራ ጎረቤቱ ለኢፍጣር ሳምቡሳ ይጠብሳል። የአንቀጹ መጨረሻ ዓላማውን ይናገራል፦ አላህን እንድትፈሩ ነው፣ ማለትም ተቅዋ።

184 ላይ ወዲያው፣ ገና ሕጉ ከመነገሩ፣ የታመመና መንገድ ላይ ያለ በሌላ ቀን ይተካ ይላል። 185 ረመዳን ቁርኣን የወረደበት ወር መሆኑን ይነግረንና ያንኑ የበሽተኛና የመንገደኛ ፈቃድ ደግሞ ያነሳል፣ ከዚያም አላህ በናንተ ላይ ገሩን ይሻል፣ ችግሩን አይሻም ይላል። 186 ስለ ጾም ጭራሽ አያወራም። ስለ ዱዓ ነው፦ እኔ ቅርብ ነኝ፣ የለማኝን ልመና እቀበላለሁ። በጾም አንቀጾች መሀል መግባቱ ዝም ብሎ አይደለም፤ ስለዚህ ከመግሪብ፣ ማለትም ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ያለችውን ሰዓት ኩሽና ስትራወጡ ወይም ስልክ ስትነካኩ አትጨርሷት። 187 ደግሞ የሌሊቱን ሕግ ያስቀምጣል፣ እሱ ጋ እመለሳለሁ።

ማን ላይ ነው ግዴታው?

ሙስሊም የሆነ፣ ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን የደረሰ፣ አእምሮው ጤነኛ የሆነ፣ መጾም የሚችል፣ አገሩ ላይ ያለ። ሴት ከሆነች በተጨማሪ ከወር አበባና ከወሊድ ደም የጸዳች።

ልጆችን በተመለከተ ከሰባት ዓመት ገደማ ጀምሮ ማለማመድ ጥሩ ነው። ሰሐቦች፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ ልጆቻቸውን ሲያስጾሙ ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸው ነበር፣ ልጁ ለምግብ ሲያለቅስ መጫወቻውን ይሰጡትና እስከ ኢፍጣር ያዘናጉታል። ግማሽ ቀን የጾመ ልጅ አድናቆት እንጂ ቁጣ አይገባውም። የትምህርት ቤት ፈተና ቀን ፊቱ የገረጣን የስምንት ዓመት ልጅ «ትንሽ ቻል» ማለት ግን ዲን አይደለም።

ወሩ መቼ ገባ?

በጨረቃ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይታችሁ ጹሙ፣ አይታችሁ አፍጥሩ፣ ደመና ከጋረዳችሁ ሸዕባንን (ከረመዳን በፊት ያለውን ወር) 30 አድርጋችሁ ሙሉ ብለዋል። እኛ አገር መጅሊሱ ማታ ላይ ያሳውቃል፣ እሱን መከተል ነው። ከመንደር ሰው ተለይቶ «ሳዑዲ ጀምሯል፣ እኔም ጀምሬያለሁ» ማለት ቤተሰብን ለሁለት ከመክፈል ውጪ ጥቅሙ አይታየኝም። ጨረቃ መታየቷ ሳይረጋገጥ ለጥንቃቄ ብሎ የጥርጣሬውን ቀን መጾምም አይፈቀድም።

ዓመቱ የጨረቃ ስለሆነ ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀድሞ ይመጣል። አሁን ከየካቲት እየወጣ ወደ ጥር፣ ከዚያም ወደ ታኅሣሥ እያመራ ነው። የይፋት ገበሬ ይሄን ልብ ይበል፣ ማጨዱና ውቂያው ከጾም ጋር ሊገጥም ነው።

ኒያ

ኒያ ማለት ልብ ውስጥ «ነገ የረመዳንን ጾም እጾማለሁ» ብሎ መቁረጥ ነው። በምላስ ማለት ግዴታ አይደለም፣ በዐረብኛ ማለት ደግሞ ጭራሽ አይደለም። ለፈርድ (ለግዴታ) ጾም ጎሕ ከመቅደዱ በፊት መገኘት አለበት፣ ከፈጅር በፊት ያልቆረጠ ጾም የለውም የሚል ሐዲስ አለ። በሻፊዒይ መዝሀብ (ከአራቱ የሕግ መንገዶች በአንዱ) ኒያው በየሌሊቱ ይታደሳል። ማሊኪዎች ለወሩ በሙሉ አንድ ይበቃል ይላሉ፣ ሐነፊዎች ደግሞ ለረመዳን እስከ ረፋዱ ድረስ ፈቃድ ይሰጣሉ። ብዙ አትጨነቁ። ሌሊት ተነስቶ ሱሑር የሚበላ ሰው ለምን ተነሳህ ቢባል «ለጾም» ነው የሚለው፣ እሱ ራሱ ኒያ ነው። የሚቸገረው ሱሑር ሳይነሳ ያደረ ነው፤ እሱም ማታ ሲተኛ ነገ እንደሚጾም አስቦ ከተኛ ጉዳዩ አልቋል።

የመግቢያዋ ሰዓት

187ኛው አንቀጽ ነጩ ክር ከጥቁሩ ክር እስኪለይላችሁ ብሉ፣ ጠጡ ይላል። ዐዲይ ኢብን ሐቲም የሚባለው ሰሐባ ይሄን ሰምቶ የምር አንድ ጥቁር አንድ ነጭ ገመድ ትራሱ ሥር አስቀመጠ፣ ሌሊቱን እያወጣ ቢያይ ቢያይ አልለይ አለው። ጠዋት ለነቢዩ ሲነግራቸው የሌሊቱ ጥቁረትና የቀኑ ንጣት ማለት እንደሆነ ነገሩት። በአድማስ ላይ ወደ ጎን ተዘርግቶ የሚመጣው ነጭ ብርሃን ነው። ከዚያ ቀድሞ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚታይና ተመልሶ የሚጠፋ ብርሃን አለ፣ እሱ አይቆጠርም።

በነቢዩ ዘመን ሁለት አዛን ነበር። ቢላል የተኛውን ለማንቃት ገና በሌሊት ያደርጋል፣ ዓይነ ሥውሩ ኢብን ኡሚ መክቱም ደግሞ ጎሕ ሲቀድ። የኢብን ኡሚ መክቱምን እስክትሰሙ ብሉ ተባለ። ስለዚህ በካላንደር ላይ «ኢምሳክ» ተብሎ ከፈጅር 10 ደቂቃ በፊት የሚጻፈው ለጥንቃቄ እንጂ ድንበሩ አይደለም። ያቺ ደቂቃ ስላለፈች ብቻ ውኃ የያዘን ሰው እጅ መምታት አያስፈልግም።

አሁን ወደኛ ነገር ልምጣ። ስልካችሁ ላይ ያለው የሶላት ሰዓት የአዲስ አበባ ከሆነ ቀይሩት። እኛ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ስለሆንን ፀሐይ ቀድማ ትወጣለች፣ ቀድማ ትጠልቃለች። ደብረ ብርሃን ላይ ልዩነቱ ወደ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ከአራት ደቂቃ ያልፋል። ኢፍጣር ላይ ያቺን ብታዘገዩ ብዙም አትጎዱ። ሱሑር ላይ ግን በአዲስ አበባ ሰዓት የመጨረሻዋን ደቂቃ የሚጠብቅ የሮቢት ሰው ፈጅር ከገባ በኋላ እየበላ ነው።

ሱሑር ራሱ ሱና ነው፣ በውስጡ በረከት አለ ተብሏል። ማዘግየቱ ይወደዳል። ዘይድ ኢብን ሣቢት ከነቢዩ ጋር ሱሑር በልተው ወደ ሶላት ሲነሱ በመሀሉ የነበረው ጊዜ 50 አንቀጽ የሚቀራበት ያህል እንደነበር ተናግሯል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ጥግብ ብሎ በልቶ «ሱሑሬን ጨርሻለሁ» ብሎ የሚተኛ ሰው ሱናውም ያመልጠዋል፣ ቀኑም ይረዝምበታል።

መግሪብ፣ በተለይ ለቆላው ሰው

ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ ያላችሁ ይሄን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በስተምዕራብ ደጋው እንደ ቆመ ነው። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ከተራራው ጀርባ ትሰወራለች፣ ከተማው ጥላ ይለብሳል፣ ነፋሱ መለስ ይላል፣ የጠማው ሰው ዓይኑ ጆጉ ላይ ያርፋል። መግሪብ ግን አልገባም። ፀሐይዋ ተጋረደች እንጂ አልጠለቀችም። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ጀርባችሁን ለደጋው ስጡና ወደ አፋር በኩል ያሉትን ኮረብቶች እዩ። ጫፋቸው ላይ ቢጫ ብርሃን ከቀረ ገና ነው። ብርሃኑ ከጫፍ ላይ ሲለቅና ከምሥራቅ በኩል ጨለማው ከታች መነሳት ሲጀምር ያኔ ደርሷል። ሐዲሱም የሚለው ይሄንኑ ነው፦ ሌሊቱ በዚህ በኩል ሲመጣ፣ ቀኑ በዚህ በኩል ሲሄድ፣ ፀሐይም ስትጠልቅ ጾመኛ አፈጠረ።

ደብረ ብርሃንና አንኮበር ላይ ችግሩ ሌላ ነው፣ ደመናና ጉም። በነቢዩ ዘመን አንድ ደመናማ ቀን ሰዎች መሸ ብለው አፍጥረው ፀሐይዋ ተመልሳ እንደታየች አስማእ ቢንት አቢ በክር ተናግራለች። እንዲህ የገጠመው ሰው ኃጢአት የለበትም። መብላቱን ወዲያው ያቆማል፣ ብዙኃኑ ዑለማእ እንደሚሉት ደግሞ ያችን ቀን ይተካል።

አንዴ ከገባ ግን አትቆዩ። ሰዎች ኢፍጣርን እስካፋጠኑ ድረስ በመልካም ላይ ናቸው ተብሏል። ኮከብ እስኪወጣ መጠበቅ ጽድቅ አይደለም። በእሸት ተምር፣ ካልተገኘ በደረቅ ተምር፣ እሱም ከሌለ በውኃ። ከዚያ በኋላ፦ ጥሙ ሄደ፣ ደም ሥሮች ረጠቡ፣ ምንዳውም ኢንሻአላህ ጸና። አስቡት፣ ይቺ ዱዓ ከበረሃ የወጣች መሆኗ ያስታውቃል።

ምን ያበላሸዋል?

አውቆ መብላትና መጠጣት። ሲጋራም እዚሁ ውስጥ ነው፣ ጫትም። አውቆ ማስመለስ። የግብረ ሥጋ ግንኙነት። የወር አበባና የወሊድ ደም መምጣት፣ መግሪብ ሊገባ አምስት ደቂቃ ቢቀረው እንኳ። በሕይወት የሚያቆይ ምግብን የሚተካ ግሉኮስ በደም ሥር መውሰድም በዘመናችን ብዙ ዑለማእ ዘንድ ያበላሻል፣ ግሉኮስ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ዱሮም መጾም ያለበት ሰው አይደለም።

የማያበላሸው ዝርዝር ረዘም ይላል፣ ሰውም የሚጨናነቀው እዚህ ላይ ነው። ረስቶ የበላ ወይም የጠጣ ጾሙን ይቀጥል፣ ያበላው ያጠጣው አላህ ነው። ሳያስበው ያስመለሰው ምንም የለበትም። ተኝቶ ሕልም ያየም እንዲሁ፣ ይታጠብና ይቀጥላል። ሌሊት ከሚስቱ ጋር ሆኖ ሳይታጠብ ጎሕ የቀደደበት ሰው ጾሙ ልክ ነው። ዓኢሻና ኡሙ ሰለማ ነቢዩ እንዲህ ነግቶባቸው ታጥበው ይጾሙ እንደነበር መስክረዋል። ምራቅ መዋጥ ችግር የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ሲተፋ የሚውለው ሰውዬ ራሱንም መስጊዱንም ያስቸግራል እንጂ። የመንገድ አቧራ፣ የወፍጮ ቤት ዱቄት፣ የውቂያ ገለባ ጉሮሮ ቢገባ ምንም አይደለም። የፊቅህ ኪታቦች የመንገድን አቧራና የሚነፋ ዱቄትን በስም ይጠቅሳሉ፣ ይፋት ውስጥ ጎዜ ላይ የቀራ ደረሳ (ተማሪ) ሁሉ ያውቀዋል።

መርፌ፦ ምግብ ካልሆነ፣ የክንድም ይሁን የመቀመጫ፣ አያበላሽም ይላሉ በዘመናችን ያሉ አብዛኞቹ። የደም ምርመራ አያበላሽም። የዓይን ጠብታ በሻፊዒይም በሐነፊም አያበላሽም። የአፍንጫ ጠብታ ጉሮሮ ከደረሰ ያበላሻል። የአስም መንፊያ ላይ ዑለማእ ይለያያሉ፣ የምታምኑትን ሼህ ጠይቁ፤ አስሙ ሲነሳ ግን ለመጠየቅ አትቁሙ፣ ውሰዱትና ኋላ ጠይቁ።

ወጥ መቅመስስ? ጨው በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ለሚያስፈልጋት ይፈቀዳል። ጣዕሙን እንጂ ወጡን አትዋጪ። በመፋቂያ ጥርስ መፋቅ ይቻላል፣ ሻፊዒዮች ከዙህር በኋላ አይወዱትም። የጥርስ ሳሙናውን ለሌሊት ብትተዉት ይሻላል፣ ስለሚያንሸራትት ነው። ዉዱእ ስታደርጉ አፍንጫ ውስጥ ውኃ መሳብ ላይ አትበርቱ፣ ለጾመኛ በተለይ ተከልክሏል።

ለሮቢት ሙቀት ደግሞ የምሥራች አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጾመኛ ሆነው ከጥም ወይም ከሙቀት የተነሳ ራሳቸው ላይ ውኃ ሲያፈሱ ታይተዋል። ስለዚህ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ሻወር የገባውን ሰው «ጾምህን አበላሸህ» አትበሉት።

ማጥፋት ሌላ ነው፣ ጾሙ እያለ ባዶ መሆን ደግሞ ሌላ። ሐሰት መናገርንና በሱ መሥራትን ያልተወ፣ ምግብና መጠጡን በመተዉ አላህ ጉዳይ የለውም የሚል ሐዲስ አለ። ሐሜት ምግብ አይደለችም፣ ቀዷ (የምትክ ጾም) አታስወጣም፣ ምንዳውን ግን ትበላዋለች። ሚዛን አጉድሎ ማሾ የሚገዛ ነጋዴ ቢጾምም ተራበ እንጂ ሌላ ምን አተረፈ?

ማፍጠር ያለበት ማነው?

በሽተኛ። ሕመሙ በጾም የሚብስ ወይም ድኅነቱ የሚዘገይ ከሆነ ያፈጥራል፣ ሲሻለው ይተካል። ሐኪም ሲከለክለው ለሕይወቱ የሚያሰጋው ሰው መጾሙ ራሱ አይፈቀድለትም፣ ራሳችሁን አትግደሉ የሚለው የቁርኣን ቃል ይመለከተዋል። የማይድን በሽታ ያለበትና አቅም ያጣ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቀዷ የለባቸውም፣ በየቀኑ አንድ ሚስኪን ያበላሉ፣ ፊድያ ይባላል። በሻፊዒይ ለቀን አንድ ሙድ እህል ነው፣ መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን አገጣጥሞ የሚያፍሰው። እማማን «አንቺ ከጾምሽ በላይ ይቆጠርልሻል፣ ይልቅ እህሉን አብረን እንስፈር» ብላችሁ ስፈሩላቸው። እጃቸው እህሉን ሲነካ ልባቸውም ያርፋል። መከራከር ግን አያዋጣም፣ እናቶችን በክርክር ያሸነፈ የለም።

ስኳር ያለበት ሰው ረመዳን ከመግባቱ ከአንድ ሁለት ወር በፊት ሐኪሙን ያናግር፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ። የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ይቀየራል። ጣት ወግቶ መለካት ጾም አያበላሽም፣ ስለዚህ «ጾመኛ ነኝ» ብሎ ሳይለኩ መዋል ምክንያት የለውም። ልኬቱ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ወዲያው ማፍጠር ነው፣ ለመግሪብ ግማሽ ሰዓት ቢቀረውም። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን መጭበርበር ከመጣ አትጠብቁ፣ ስኳር ያለው ነገር ውሰዱ።

እርጉዝና የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች ታፈጥራለች፣ ኋላ ትተካለች። በሻፊዒይ ለልጁ ብቻ ሰግታ ከሆነ ከቀዷው ጋር ፊድያ ትጨምራለች፣ በሐነፊ ቀዷው ይበቃል። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት መጾም አይፈቀድላትም። ዓኢሻ እንዳለችው ጾሙን እንድንተካ እንታዘዝ ነበር፣ ሶላቱን ግን አንታዘዝም። እቤት ውስጥ ያላችሁ ወንዶች፣ እህታችሁ ምሳ ስትበላ ብታዩ አትጠይቁ። በወንድሟ ፊት አፍራ ተደብቃ ሽንት ቤት በር ላይ ውኃ የምትጠጣ ልጅ እንዳለች አውቃለሁ። ነውሩ የሷ አይደለም።

መንገደኛ። ርቀቱ በሻፊዒይ የሁለት ቀን የጭነት ግመል ጉዞ ነው፣ ዛሬ ከ80 ኪሎ ሜትር ትንሽ በለጥ ተደርጎ ይሰላል። አልዩ አምባ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣ ቅፍለት የሚራገፍባት ገበያ በነበረችበት ዘመን ይሄን ሂሳብ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር። በዛሬ መኪና ስናየው ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ መንገደኛ ነህ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢትም ከ90 በላይ ስለሆነ ያስኬዳል። ደብረ ብርሃን አንኮበር ግን 40 ገደማ ነው፣ አይሞላም፣ ዳገቱ ቢያደክምም።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። በሻፊዒይም በሐነፊም ፈቃዱ ጎሕ ሳይቀድ ከተማውን ለለቀቀ ነው። እቤትህ ጾመህ አንግተህ ሦስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ የሄድክ እንደሆነ ያችን ቀን ትጨርሳታለህ። ሐንበሊዎች ግን ይፈቅዳሉ። ጉዞው ካልከበደህ መጾምም ትችላለህ፣ ሐምዛ አል አስለሚ ሲጠይቅ ብትሻ ጹም፣ ብትሻ አፍጥር ነው የተባለው። የከባድ መኪና ሹፌር ጣርማ በር ላይ እንቅልፍ እያዳፋው ከሆነ ግን ለሱ ብቻ ሳይሆን ከኋላው ላሉትም ያስብ።

የቀን ሠራተኛ፣ የፋብሪካ ሰው፣ አጫጁ? ሥራ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። ኒያውን አድርጎ ይጀምራል፣ ከቻለ ሰዓቱን ወደ ማለዳ ያዞራል። በመሀል ከአቅም በላይ ከሆነበት ያፈጥርና ይተካል።

ከፋራ

በጾም ቀን አውቆ ከሚስቱ ጋር የተገናኘ ቀዷ ብቻ አይበቃውም፣ ከፋራ የሚባል ማካካሻም አለበት። ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ካልተገኘ ሁለት ወር ሳያቋርጡ መጾም፣ ካልተቻለ 60 ሚስኪን ማብላት። ሐነፊዎች አውቆ መብላትንም እዚህ ያስገባሉ፣ ሻፊዒዮች አያስገቡም።

ሐዲሱ ደስ ይላል። አንድ ሰው ሮጦ መጥቶ «ጠፋሁ!» አለ። ነቢዩ ባሪያ ነፃ ማውጣት ትችላለህ? አሉት። አልችልም። ሁለት ወር መጾምስ? አልችልም። 60 ሚስኪን ማብላትስ? የለኝም። ቆየት ብሎ አንድ ቅርጫት ተምር መጣላቸው፣ ወስደህ መጽውት አሉት። «ከኔ ለባሰ ድሃ? ወላሂ በመዲና በሁለቱ ጥቁር ድንጋዮች መሀል ከኔ ቤት የባሰ ድሃ የለም» አለ። መንጋጋቸው እስኪታይ ሳቁና «ቤተሰብህን አብላ» አሉት። ሊቀጣ የመጣው ሰውዬ ተምር ተሸክሞ ወደ ቤቱ ገባ።

ስለ ምግቡ በአጭሩ

እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ጾሙ ዓመቱን ሙሉ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ነው። ያን ያህል አይደለም፣ የሚከብደው አበላሉ ነው። ለሱሑር የገብስ ገንፎ፣ ቅንጬ ወይም እንጀራ በለዘብተኛ ወጥ ይያዛል፣ በርበሬና ጨው የበዛበት ግን በቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ያስጠይቃችኋል። ውኃውን ከመግሪብ እስከ ሱሑር ከፋፍሉት፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ አንድ ጆግ መገልበጥ ሽንት ቤት ከማመላለስ በቀር አይረባም። ቡና የለመደ ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት የሱስ ነው፣ ረመዳን ሳይገባ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ስኒውን ይቀንስ። ኢፍጣር ላይ ተምርና ውኃ፣ ከዚያ መግሪብን ሰግዶ የአጃ ሾርባ፣ ቆላ ላይ ከሆናችሁ የማሾ ሾርባም ግሩም ነው። ሳምቡሳው አይቅር፣ አምስተኛው ይቅር። ሌሊቱን ቅሞ ቀኑን እስከ ዐስር ሶላት ለሚተኛ ወዳጃችን ደግሞ፦ ጾሙ ተቆጥሮልህ ይሆናል፣ ቀኑን ግን የጾመልህ አልጋው ነው።

የረመዳን የሌሊት ሶላት፣ ተራዊሕ፣ 8 ረከዓ ነው 20 የሚለውን ክርክር እለፉት፣ ሁለቱንም የሰገደ ሰግዷል። በመጨረሻዎቹ 10 ሌሊቶች ግን በርቱ፣ በተለይ በጎዶሎዎቹ። ለይለተል ቀድር እዚያ ውስጥ ናት፣ ከሺህ ወር ትበልጣለች፣ ሺህ ወር ደግሞ 83 ዓመት ከ4 ወር ነው።

ሲያልቅ

ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት ይወጣል፣ ከሶላቱ በኋላ ከተሰጠ ተራ ሰደቃ ነው። ለቤተሰቡ በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ እህል፣ ማለትም አራት ሙድ፤ በክብደት ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ይገመታል። ሻፊዒዮች የአካባቢው ሰው የሚበላው እህል ይሁን ይላሉ፣ ስለዚህ ደጋው ላይ ስንዴና ገብስ፣ ቆላው ላይ ማሽላና ጤፍ። ሐነፊዎች በገንዘብ ይፈቅዳሉ። በዒዱ ዋዜማ የተወለደ ሕፃን መግሪብ ሳይገባ ከደረሰ ይታሰባል። የዒዱን ቀን መጾም ሐራም ነው፣ ቀዷ አለብኝ ቢባልም።

ከዒድ በኋላ በሸዋል (ከረመዳን ቀጥሎ ባለው ወር) ስድስት ቀን የጨመረ ዓመቱን እንደጾመ ይቆጠርለታል። ተከታታይ መሆን የለበትም፣ ሰኞና ሐሙስ ላይ ብትበትኑት ሳይታወቃችሁ ያልቃል። ቀዷ ያለበት መጀመሪያ ዕዳውን ቢያወጣ ይሻላል። ዓኢሻ ቀዷዋን እስከ ሸዕባን የምታቆይበት ጊዜ ስለነበር መዘግየቱ በራሱ አያስወቅስም። የሚቀጥለው ረመዳን ሳይገባ ግን ማለቅ አለበት፣ ያለ ምክንያት ያሳለፈ ሰው በሻፊዒይ ቀዷውን ከማውጣቱ ጋር ለእያንዳንዷ ቀን አንድ ሙድ እህል ይጨምራል። ስለዚህ ያፈጠራችሁባቸውን ቀናት ካላንደሩ ላይ ምልክት አድርጉባቸው።